ጭድ ሲበዛ

መሐል ሜዳ ላይ ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት፤
ከጓሳ የመጣ ውርጭ የላሰው መስኮት።
ከመስኮቱ ወዲህ አንዲት ወንበር አለች፤
ፔዳሏን ስረግጥ አቃስታ ትተኛለች።

ግንበኛው ሸዋንግዛው እሷ ላይ ተኝቶ፣
ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አጋድሞ፣ መዳፉን ዘርግቶ፦
«ይኸው ለሦስተኛ ሙሊትህ ወደቀ፤
ከቆሎ ጋር ሄደ፣ ከቆሎ ጋር ደቀቀ።»
ፍርፋሪውን ከወረቀት ፈትቶ አሳየኝ፤
እንደ ጎደለ ሒሳብ መዳፌ ላይ ቆጠረልኝ።

ምን ልበለው?
ዱቄቱ የመስታወት፣ ፈሳሹ ኮምጣጣ፤
ሁለቱን ስታሻቸው ድንጋይ ነው የሚወጣ።
ቆላ ላይ ይቸኩላል፤ ደጋ ላይ ይለግማል፤
ጠርሙሱን በብብቴ ካላሞቅሁት ያኮርፋል።
መጣበቁን አላማም፤ ደግነቱም ያስታውቃል፤
ፍሎራይዱን እያጠባ የታመመ ጥርስ ያስታምማል።
የመንዝ ገብስ ሲመጣ ግን፣
የተቆላ፣ የጠጠረ፣
ደግነት አቅም አይሆን፤ ስንቴ ተሰበረ!

ስለዚህ ማታ ማታ፣ መብራት ያልጠፋ እንደሆን፣
ከካርድ ክፍሉ ጀርባ ተቀምጬ ብቻዬን፣
ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር በምላጭ እመትራለሁ።
ከመቶ አምስት እጅ፣
ከመቶ አሥር፣
ከመቶ ሃያ፣
እንደ ዕቁብ ጸሐፊ በደብተር አሰፍራለሁ።
ከዱቄቱ ቀላቅዬ፣ አሽቼ፣ አድርቄ፣
ጥፍር የምታህል ዘንግ በጥጥ ጠቅልዬ፣
ለወዳጄ ለአስፋልገው እልካለሁ በአውቶቡስ፣
አዲስ አበባ ካለው መጭመቂያ እንዲያደርስ።

ባለፈው ደወለልኝ፦
«አምስቱ ደኅና ቻለ፤ አሥሩ ጀግና ነው፤
ሃያው ግን ጉድ ሠራን፤ ሳይነኩት ነው የፈረሰው።»

ይህንኑ ስነግረው ለሸዋንግዛው፣ እንዲያው ለጨዋታ፣
«ይኼማ ጭድ አይደል?» አለኝ ጥጡን ተፍቶ፣ ፈገግታ በፈገግታ።
«ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይተረተራል፤ ታውቃለህ።
የጤፍ ጭድ ጨምርበት፣ ጓሳም ቢሆን ከትፈህ፣
ስንጥቁን ጠልፎ ይይዛል፤ ታድራለህ አርፈህ።
ግን ጭድ ሲበዛ፣
ጭቃው ለሁሉ አይደርስም፤
ጭቃ ያልደረሰው ጭድ ደግሞ ግድግዳ አይነክስም።
አቡክተህ አሳድረው፤ ይብላላ፤ ይጠጣው።»

«የኔ ጭቃ አያድርም፤ ሦስት ደቂቃ ነው ዕድሜው።»

«እንግዲያው ጭዱን ብቻ አስቀድመህ አርሰው።»

ዝም አልኩ።
አምስት ዓመት ስማር ይቺን ማንም አልነገረኝ፤
ወይ ተነግሮኝ ይሆናል፣ በፈረንጅ አፍ አመለጠኝ።

«በል ከዚያ ከጀግናው አርግልኝ» አለና አፉን ከፈተ።
እምቢ አልኩት።
ያልተፈተነ ነገር በሰው መንጋጋ አይሞከርም፤
ኮሚቴ አለው፣ ማኅተም አለው፤ በጓደኝነት አይሆንም።
ቅር አለው። ባርኔጣውን ደፋ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ዞረ፦
«ዓምና የነቀልክልኝ ከመሳቢያ አለ፤ ባዶውን ከሚያድር
እሱን ሙላው። እሱን ስበር።»

በሳምንቱ አመጣው፤ ሥሩ ሁለት፣ ወገቡ ጥቁር።
ክሩን አስቀድሜ አራስኩት ከኮምጣጣው ፈሳሽ፤
አሥር እጁን ለካሁ፤ እጄ ሲንቀጠቀጥ በምሽት ብርድ ሲታሽ፤
ሞላሁት። ጠቀለልኩት። ለሾፌሩ አደራ አልኩ።

ማክሰኞ ስልኩ ጮኸ፤
«ሲሚንቶህ አንድም አልተነካ!»
ልጮኽ ስል፣ ልዘል ስል፣ አስፋልገው ቀጠለ ለካ፦
«ጥርሱ ነው ለሁለት የተሰነጠቀው።»

ሸዋንግዛው ሲሰማ አልሳቀም።
መዳፉን እያየ፣ በአውራ ጣቱ ንቃቃቱን እየዳሰሰ፦
«ድንጋይ የሚሰብር ጭቃ፣ እኔ ጭቃ አልለውም።
ጭነት ሲመጣ ቀድሞ የሚሰጠው እሱ ነው፤
ጭቃ በነጋታው ይለሰናል፤
ድንጋይ ግን ማን ይወልደዋል?»

ያን ቀን በአሮጌው ጭቃ ሞላሁለት፤ ለአራተኛ።
«በግራ አኝክ» አልኩት፤
«ቆሎውን ለጊዜው ተወው።»
«እሱንስ ተወው» አለኝ።

ወንበሯን ቀና ሳደርግ፣ አቃስታ ስትነሳ፣
ደብተሬን ገልጬ አሥር ያልኩትን ሰረዝኩ።
ሰባት ብዬ ጻፍኩ፤
ከጎኑም በትንሹ፦ ይራስ።